በአንድ እጅ የቀረበ በርጩማ

ጤና መኮንንነት ደርሶኝ ሳለ ደጅ ጠንቼ ወደ ዲዛይን በመዛወሬ አባቴ አኮረፈኝ። አንጋጫ ላይ እህል ይነግዳል፤ ኩርፊያውም እንደ ንግዱ ሥርዓት ነበረው። ለዕረፍት ቤት ስገባ፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ፣ «ልጅሽ እንድትበላ ንገሪያት» ይላል ለእናቴ። ያውም በአማርኛ። ቤታችን የሚወራው ከምባትኛ ነው፤ አማርኛን አባቴ የሚያወጣው ለቀበሌ ሰዎች ነበር። እናቴም ሳትስቅ ታስተላልፋለች። እኔን ግን ያመኝ ነበር። ከገበያ ሲመለስ የቀኑን ወሬ መጀመሪያ የሚነግረው ለእኔ ነበርና።

በዚያው ሰሞን ሆሳዕና የምማርበት ዩኒቨርሲቲ አንድ የሮቦት ክንድ በእርዳታ አገኘ። ውጭ አገር የመኪና በር ሲበይድ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ቀለሙ ብርቱካናማ፣ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ ነው። ለማን ይሰጥ ተብሎ ስብሰባ ተደረገ። የግብርና ሰዎችም ጠየቁ፤ ምን ሊያደርጉበት እንዳሰቡ ግን አልተናገሩም። ለእኛ የደረሰን፣ በሩ ክንዱን የሚያስገባው የእኛ አዳራሽ ብቻ ስለነበር ነው። የአንድ ለአምስት ቡድናችን ሰው ጎድሎት ስለነበር ክንዱን አባል አድርገን አስመዘገብነው። መብራት እስካለ ድረስ ከሁላችንም የተሻለ ይገኝ ነበር።

አንዱ ጓደኛችን ከሰል አስይዞ ግድግዳ ላይ ሥዕል አሳለው። ሌላዋ በጭቃ ማሰሮ ልታሠራው ሞክራ፣ ጭቃው ከጣሪያው ላይ ሲንጠባጠብ ሰነበተ። እኔ ለመመረቂያ ሥራዬ በርጩማ እንዲጠርብ አደረግኩ። መጀመሪያ ላይ ጥሩ የዋንዛ ግንድ ወስዶ ማገዶ አደረገልኝ። እያደር ግን ተግባባን፤ መቀመጫው ላይ የተረበሸ ውሃ የሚመስል ሞገድ አወጣበት። በኤግዚቢሽኑ ቀን በርጩማውን ራሱ አንስቶ ለአባቴ እንዲሰጠው ፕሮግራም ጻፍኩለት። አባቴ ከተቀበለ ታረቅን ማለት ነው። ካልተቀበለ ደግሞ ምረቃዬም ላይ እንደማይገኝ አውቄዋለሁ።

መጣ፤ ያመጣችው እናቴ ናት። ከፊት ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው። ክንዱ በርጩማውን አነሳ፣ በዝግታ ዞረ፣ አባቴ ፊት ተዘርግቶ ቆመ። ሰው አጨበጨበ። አባቴ እጁን ከጭኑ ላይ አላነሳም።

ጠበቅን። ክንዱም ጠበቀ፤ እሱን አይደክመውም።

«ይሄን ማነው ያሳደገው?» አለ አባቴ ለእናቴ፣ በአማርኛ። «ለትልቅ ሰው በአንድ እጅ ይሰጣል?»

ያኔ ነው የገባኝ። የክንዱን መገጣጠሚያ ሁሉ በዲግሪ አስልቼ፣ ለትልቅ ሰው ዕቃ ሲሰጥ ግራ እጅ የቀኙን ክርን እንደሚደግፍ ሳላስብ ቀረሁ። በሕፃንነቴ ስኳር እንኳ ሳቀብል የማደርገውን ነገር።

«እኔ ነኝ ያሳደግኩት፣ አባዬ» አልኩት።

ዞሮ አየኝ።

«እኛ አንቺን እንዲህ አድርገን አላሳደግንሽም» አለኝ። ለእናቴ አይደለም፣ ለእኔ ነው፤ በከምባትኛ።

ሰው ወደ ክንዱ እንዳይጠጋ ወለሉ ላይ የተሰመረ ቢጫ መስመር ነበር። እሱን አልፌ ገባሁ። ክንዱን የሚጠብቀው ቴክኒሺያን «ኧረ ውጪ!» ይለኛል። ግራ እጄን ከክንዱ ክርን ሥር አድርጌ ጎንበስ አልኩ። አባቴ ከወንበሩ ተነሳና በርጩማውን በሁለት እጁ ያዘ፤ እኔም በቀኜ የክንዱን መልቀቂያ ቁልፍ ተጫንኩ።

ሰው ፊት ተዘልፌ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።