የመኪና ፈረንሳይኛዬ

ፈረንሳይኛ የተማርኩት ከመኪና ነው። ከመኪና ስል ተሳፍሬ ማለቴ አይደለም፤ አሥራ ሁለት ቅጠል ካላት፣ ከምታብለጨልጭ የመኪና መሸጫ ወረቀት ነው። ላስታ ውስጥ ከዚህ ባነሰ ነገር ቋንቋ የተማረ ሰው ካለ ባውቀው ደስ ይለኛል።

ወረቀቷ የአንድ ፈረንሳዊ የአፈር ባለሙያ ነበረች። ደርግ ከወደቀ ሰባት ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር። ሰውዬው ከላሊበላ በላይ ባሉት ተዳፋት ማሳዎች ላይ እርከን ያሠራል፤ እኔ ደግሞ ከትምህርት ሰዓት ውጭ የተከራየውን ቤት አጸዳለሁ፣ ልብሱን አጥባለሁ። ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ስለሆነ በሃያ ሁለት ዓመቴ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። የክፍሉ ልጆች "እትዬ" ይሉኛል። አስተማሪያችን በዕድሜ ይብለጠኝ ልብለጠው ስላላወቀ፣ እሱም አፍሮ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም።

ሰውዬው ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ አንድ ካርቶን ሙሉ ወረቀት ትቶልኝ እሳት አቀጣጥይበት አለኝ። እኔ ያላነበብኩትን አላቃጥልም፤ ያን ጊዜም እንዲሁ ነበርኩ። ከመካከሉ ያቺ ወረቀት ወጣች። ሽፋኗ ላይ በኋላ እግሮቹ የቆመ አንበሳ አለ። አንበሳውን አውቀዋለሁ፤ ሰውዬው የሚሄድባት ነጭ ፒካፕ ፊት ላይ ያለው ነው፤ አገሬውም መኪናዋን "አንበሲት" ይላታል። በየቅጠሉ አንድ አንድ መኪና ተሥሏል። አገሩ ሲገባ የሚገዛውን ይመርጥባት የነበረ ይመስለኛል። ከአንደኛዋ ጎን በእርሳስ ምልክት አድርጎ ሰርዞታል፤ ከእሷ ከምትበልጠው ጎን አድርጎ እሱንም ሰርዞታል። የቷን እንደገዛ እስከ ዛሬ ማወቅ እፈልጋለሁ።

የፒካፗ ሹፌር የባቲ ሰው ነው። በጉብዝናው ወራት ጅቡቲ ወደብ ላይ አሥር ዓመት ከባድ መኪና ነድቷል። ፈረንሳይኛው የወደብ ነው፦ መጫን፣ ማራገፍ፣ መሳደብ። የመኪና ነገር ሲሆን ግን የማያውቀው ቃል የለም። ፈረንሳዊው ከሄደ በኋላ እሱና ፒካፗ ለፕሮጀክቱ ቀሩ። ከሰዓት በኋላ መኪናዋን ሲያጥባት ወረቀቴን ይዤ አጠገቡ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ፤ እሱ እያሸ ያነብልኛል፣ እኔ በአማርኛ ፊደል እጽፋለሁ።

የመጀመሪያው ትምህርቴ ቁጥር ነበር። መኪኖቹ ስም የላቸውም፤ ቁጥር ብቻ። መቶ ስድስት፣ ሦስት መቶ ስድስት፣ አራት መቶ ስድስት፣ ስድስት መቶ አምስት፣ ስምንት መቶ ስድስት። የሁሉም መካከል ዜሮ ነው። ፊተኛው ቁጥር ቁመናዋን፣ ኋለኛው ትውልዷን ይናገራል አለኝ። መቶዋ ለሁለት ሰውና ለአንድ ዘንቢል ናት። ሦስት መቶዋ አዲስ ለተጋቡ። አራት መቶዋ ልጆች ሲመጡ። ስምንት መቶዋ ባለ ሦስት ረድፍ ወንበር ናት፤ እሷ አማት ስትጨመር ነው። ስድስት መቶዋስ ስለው፣ እሷ የሚኒስትር ናት፣ እሷን ዝም ብለሽ እለፊያት አለኝ።

ሕግ ያለው ነገር ደስ ይለኛል። ግን ዝም ብዬ አላለፍኳትም፤ ስድስት መቶዋ ላይ ያለው አምስት ከነከነኝ። እህቶቿ ሁሉ ስድስተኛ ትውልድ ሲሆኑ እሷ ለምን አምስተኛው ላይ ቀረች? ሹፌሩ ጨርቁን ጨመቀና ተተኪዋ ገና አልተወለደች ይሆናል አለ። የኛዋ ፒካፕስ? እሷ አምስት መቶ አራት ናት፤ ወረቀቷ ላይም የለችም። በሕጉ ከሄድን ሁለት ትውልድ ወደ ኋላ ነው፤ አያት ማለት ናት። ይህን ስለው ተቀየመ። አያትም ብትሆን ሽቦና ችግኝ ጭና ፍላቂት ድረስ የምትወጣው እሷ አይደለችም ወይ አለኝ።

"አንቺ ልጅ ከጉምሩክ ብሰሻል፤ ጉምሩክስ አንዳንዴ ያሳልፋል።"

አባቴ የላሊበላ ደብር ቄስ ነበሩ። የመኪናውን ቁጥር እየደጋገምኩ ሳጠና ሰምተው ያቺ በመካከል ያለችው ባዶ ምን ትሠራለች ብለው ጠየቁኝ። በግእዝ ቁጥር ባዶ የሚባል ነገር የለም፤ በመቋሚያቸው ጫፍ መሬት ላይ ፬፻፮ ብለው ጻፉና፣ ይኸው ያለ እሷ ተጻፈ አሉኝ። ነገሩን ለሹፌሩ ወሰድኩለት። እሱም በድሮው ዘመን መኪና የሚነሳው በማኖቬላ፣ በእጅ በሚዞር ብረት ሆኖ ብረቱ የሚገባው በዜሮዋ ቀዳዳ ነበር አለ። እውነት ይሁን የወደብ ወሬ አላጣራሁም። ለአባቴ ስነግራቸው ግን ባዶዋ ሥራ ካላት ትኑር አሉ።

ከቃላቱ ሁሉ የወደድኩት አንዱን ነው፤ ሞኖኮክ። በየቅጠሉ አለ፤ ስለ መኪናዋ አካል ሲናገር የሚመጣ ነው። ሹፌሩ ትርጉሙን ለማስረዳት እርጥብ እጁን በፒካፗ ጣሪያ ላይ መታ መታ አደረገ። እንዲህ ያለው መኪና ለብቻው የተሠራ የብረት አጥንት፣ ሻንሲ የሚሉት፣ የለውም፤ ቆዳው ራሱ አጥንቱ ነው፤ ጣሪያው፣ ግድግዳውና ወለሉ አንድ ሆነው ራሳቸውን ይሸከማሉ አለኝ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ በቤተ ጊዮርጊስ በኩል አለፍኩ። ከላይ ሆኜ ቁልቁል አየኋትና ለካ እኛም አለን አልኩ።

ስምንተኛ ክፍልን በጨረስኩ በዓመቱ ማዘጋጃ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ወጣ። ፈረንሳይኛ የሚችል አንድ አስጎብኚ ይፈለጋል፤ ፈተና አለው ይላል። ወንድ ነው ሴት ነው አይልም፤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ያን ጊዜ ከአንድ ትንሽ ሆቴል የእንግዳ አንሶላ አጥብ ነበር። በእኔ ዕድሜ ዘጠነኛ ክፍል ብዬ ሌላ ከተማ የምሄድበት አቅም የለኝም። ይህ ፈተና ካመለጠኝ አንሶላው እንደሚቀጥል አውቄዋለሁ።

ሹፌሩ ሲሰማ "አብሽሪ" አለኝ፤ ጅቡቲ ላይ ከአንቺ ባነሰ ፈረንሳይኛ መርከብ ሲያራግፉ አይቻለሁ አለ። አባቴ ግን አልተቆጡም፣ አልሳቁምም፤ ነገሩን እንደ ሒሳብ አዩት። በቤተ ጎልጎታ ሴት አትገባም፤ ይህን የማያውቅ የላሊበላ ልጅ የለም።

"ያላየሽውን ልታሳዪ ነው?" አሉኝ።

ሌሊቱን ሳይሆን ሳምንቱን ሙሉ አሰብኩበት፤ አንሶላ እያጠብኩ፣ አንሶላ እያሰጣሁ። ለፈተናው ስዘጋጅም አብያተ ክርስቲያናቱን እንደ ወረቀቷ ደረደርኳቸው፤ የአንድ ፋብሪካ ልዩ ልዩ መኪኖች ናቸው ብዬ። ትንሿ ቤተ መስቀል መቶዋ ናት። ቤተ መድኃኔ ዓለም ከነአማቷ ስምንት መቶዋ። ቤተ ጊዮርጊስን ሽፋኑ ላይ አደረግኳት። ነአኩቶ ለአብን ራቅ ስለሚል በመጨረሻው ቅጠል። ይህን ለአባቴ አልነገርኳቸውም።

ፈታኞቹ ሦስት ነበሩ፦ ከባህል ቢሮ የመጣ ብዙ የማይናገር ሰው፣ በከተማው የታወቁ ሽማግሌ አስጎብኚ፣ ከአዲስ አበባ የመጡ የፈረንሳይኛ መምህርት። ከእኔ በፊት ሁለት ዲያቆናት ገብተው ወጡ። ተራዬ ሲደርስ መምህርቷ ቤተ መድኃኔ ዓለምን በፈረንሳይኛ ግለጪልን አሉኝ። እኔ የማውቀው አንድ ዓይነት አገላለጽ ነው። የመለስኩት ወደ አማርኛ ሲዞር እንዲህ ነበር፦

"ይህች ከሁሉም ትልቋ ናት። ባለ ሦስት በር ናት። ውስጧ ሰፊ ስለሆነ ለቤተሰብ ይመቻል። አካሏ ሞኖኮክ ነው። ከዝገት የተጠበቀች ናት፤ ዋስትናዋም ስምንት መቶ ዓመት ነው።"

መምህርቷ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አያለሁ፤ ያለቅሱ ይሳቁ መለየት አቃተኝ። በመጨረሻ ዓይናቸውን ጠርገው፣ በአማርኛ፣ መኪና ትሸጫለሽ እንዴ አሉኝ። አልሸጥም አልኩና ከየት እንደተማርኩ እውነቱን ነገርኳቸው፤ ከመቶ ስድስት እስከ ስምንት መቶ ስድስት፣ ስድስት መቶዋ ወደ ኋላ መቅረቷን ሳይቀር። ቀስ ብለው አረሙኝ። ለቤተ ክርስቲያኖቹ የሚባለው ሞኖሊት ነው፤ ከአንድ ድንጋይ የወጣ ማለት ነው አሉ።

ቃሉን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። እዚያ ላይ ዝም ብል ይበቃኝ ነበር፤ አልቻልኩም። ሞኖሊት ከምን እንደተሠራች ይናገራል፤ ሞኖኮክ ግን እንዴት እንደቆመች ይናገራል፤ ጣሪያዋም ግድግዳዋም ራሳቸውን ነው የሚሸከሙት፣ ሁለቱም ቢባል ምን ይላል አልኳቸው። ሴትዮዋም ሞኖኮክን ጻፉ።

ይኼኔ ሽማግሌው አስጎብኚ ጉሮሯቸውን አጸዱ። የሚጠይቁትን አውቄዋለሁ።

"ቤተ ጎልጎታስ? እዚያ ምን ልታደርጊ ነው፣ ልጄ?"

የሳምንቱ ሐሳቤ ያን ጊዜ ወጣ። "የፈረንጆቹም ሴቶች አይገቡም፣ አባቴ፤" አልኳቸው። "ወንዱ አስጎብኚ ወንዶቹን ይዞ ሲገባ ሴቶቹ በሩ ላይ ጫማቸውን እያዩ ይቆማሉ። እኔ አብሬያቸው እቆማለሁ። ውስጡን እነግራቸዋለሁ።"

መምህርቷ ቀና አሉ። ለካ እሳቸውም በዋዜማው እዚያው በር ላይ ቆመው ነበር፤ ወንዶቹ ገብተው እስኪወጡ፣ ብቻቸውን።

ሽማግሌው ግን የዋዛ አልነበሩም። እንግዲያው ንገሪን፣ ውስጡ ምን አለ አሉኝ። በግድግዳው ላይ በሰው ቁመት የተቀረጹ ቅዱሳን እንዳሉ ሰምቻለሁ። ስንት እንደሆኑ፣ በየት በኩል እንደቆሙ፣ አላውቅም። ከዲያቆናቱ የሰማሁትን ቀጣጥዬ መናገር እችል ነበር። አላውቅም አልኳቸው። ሦስቱ ተንሾካሾኩና እስከ ቅዳሜ አውቀሽ ነይ ተባልኩ። ዕለቱ ሐሙስ ነበር።

ቤት ገብቼ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ዝገቱ ከተናገርኩት በቀር። አላውቅም ያልኩበት ላይ ስደርስ አስቆሙኝና ድገሚልኝ አሉ። ደገምኩላቸው።

"አየሁ አላልሽማ፤" አሉ። ቀጥለውም፣ "ነገ ቅዳሴ ሲወጣ ደብተርሽን ይዘሽ ቤተ ሚካኤል ነይ።"

ወደ ጎልጎታ የሚገባው በቤተ ሚካኤል በኩል ነው። ዓርብ ከቅዳሴ በኋላ እኔ በዚህኛው ወገን በሩ ላይ ቆምኩ፤ እሳቸው ጧፍ ይዘው ገቡ። ድምፃቸው ከድንጋዩ ውስጥ ይመጣል፤ እኔ እጽፋለሁ። ከበሩ እስከ መጀመሪያው ምሰሶ ስንት እርምጃ ነው እላቸዋለሁ፤ ይራመዳሉ። የእርስዎ እርምጃ ነው ወይስ የሰው እርምጃ እላቸዋለሁ፤ አባቴ ረጅም ስለነበሩ። በመቋሚያቸው ይለካሉ። የቅዱሳኑን ቁጥር ስጠይቃቸው ከበሩ ብቅ ብለው፣ አርባ ዓመት እየገባሁ ስወጣ ተሳልሜያቸው እንጂ ቆጥሬያቸው አላውቅም አሉኝ። ተመልሰው ገቡ። ቆጠሩ። ፊታቸው ወዴት ነው፣ በእጃቸው የያዙት አለ ወይ፣ ከላያቸው ያለው ቅስት ነው ወይ አልኩ። ጧፉ አልቆ ሌላ አመጡ።

ቅዳሜ ሦስቱም ፈታኞች ወደ ማዘጋጃ ቤት ሳይሆን ወደ በሩ መጡ፤ የመምህርቷ ሐሳብ ነበር። ሽማግሌው አስጎብኚ ቁጥሩን ሲሰሙ አይደለም አሉ። አባቴ ነው አሉ። አስጎብኚው ሠላሳ ዓመት እንግዳ እንዳስገቡበት ተናገሩ። አባቴም እንግዳ ማስገባትና መቁጠር ይለያያል ብለው ጧፋቸውን አበሩ። የባህል ቢሮው ሰው ለዳኝነት ተከትሏቸው ገባ።

እኔና መምህርቷ በሩ ላይ ቀረን። ከውስጥ የሁለቱ ሽማግሎች ክርክር ይሰማል፤ አንዱ ከግራ፣ ሌላው ከቀኝ ነበር የሚጀምሩት።

"እንግዲህ እኔ እንግዳሽ ነኝ፤ ውስጡ ምን አለ?" አሉኝ መምህርቷ በፈረንሳይኛ።

ደብተሬን ሳልከፍት ነገርኳቸው። ከበሩ ጀመርኩ፤ የምሰሶውን ርቀት በመቋሚያ ልክ፣ ብርሃኑ የሚገባበትን ወገን፣ ከቅዱሳኑም በየቅስቱ ሥር የቆመውን አንድ በአንድ። ሴትዮዋ በሩን የጋረደውን መጋረጃ እያዩ፣ እኔ በእጄ ወደ ቀኝ ስጠቁም ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ስጠቁም ወደ ግራ ዞሩ። ፈረንሳይኛዬ ሲያልቅብኝ ባለ ስንት በር፣ ምን ያህል ሰፊ፣ ምን ያህል ጠንካራ እያልኩ ሞላሁት። እሳቸውም አላረሙኝም። ስጨርስ ከቦርሳቸው የፈተና ወረቀቴን አወጡ፤ የሚያስደግፉበት አጥተው ደብተሬን ተዋሱኝና በእሱ ላይ አድርገው "አልፋለች" ከሚለው ሥር ፈረሙ።

ሽማግሎቹ በቁጥሩ ተስማምተው ሲወጡ ቀለሙ ደርቆ ነበር።