ተወግዷል የተባለው ፈተና

በክልሉ መሥሪያ ቤት ሰዉ ሁሉ «ቁልፌ» ነበር የሚላት፤ የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ ከአንገቷ አውልቃ ስለማታውቅ። ድሮም አርፎ መቀመጥ አይሆንላትም፤ ያን ሰሞን ግን ጭራሽ ባሰባት። ወንበሩ ይቆረቁራታል። ትነሳለች፣ መስኮቱን ትከፍታለች፣ ወዲያው መልሳ ትዘጋዋለች።

ጣጣውን ያመጣው ቅጥሩ ነው። መሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ አወጣ፤ የሰፈሩ ሥራ ፈላጊ ተግተልትሎ ተፈተነ። አላፊዎቹ ሲታወቁ አብዛኞቹ የአለቆች የእህት ልጅ፣ የሚስት ወንድም፣ የጓደኛ ልጅ ሆነው ተገኙ። የወደቁት «ወረቀታችንን አሳዩን» ብለው በሩ ላይ ጮኹ። ኃላፊው «ዝናብ አበላሽቶት ተወግዷል» የሚል መልስ ሰጠ። ወረቀቱ ግን አንድ ጠብታ ሳይነካው ከቁልፌ ጀርባ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል።

አፏን የያዛት የገዛ ወንድሟ ነበር። እናታቸው ከሞተች ወዲህ እሷ ናት ያሳደገችው። እሱም ካለፉት አንዱ ነው። ያለፈ ዕለት ደስታዋ አላስቀምጥ ብሏት ጎረቤቱን ሁሉ አዳርሳለች። ጩኸቱ ሲበረታ ጠረጠረችና የወንድሟን ወረቀት አውጥታ አየችው። ግማሹን ባዶ ነው የመለሰው።

አንድ ቀን ኃላፊው ራሱ መዝገብ ቤት ድረስ ወረደ።

«ወንድምሽ ሥራውን ለመደው?»

«እየለመደ ነው፣ ጌታዬ።»

«ጎበዝ ልጅ ነው። ነገ መርማሪዎች ይመጣሉ። ተወግዷል ትያቸዋለሽ፣ በቃ።» ትከሻዋን መታ መታ አድርጓት ወጣ።

ቤት ስትገባ ወንድሟ ጫማውን እየቦረሸ ነበር።

«ወረቀትህን አየሁት» አለችው ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ።

እጁ ቆመ። «እኔማ አንቺ ለምነሽ ያስገባሽኝ መስሎኝ ነበር።»

«እኔ ማንንም አልለመንኩም።»

ያኔ ለሁለቱም ገባቸው። ሥራው የተሰጠው ለእሱ ሳይሆን ለእሷ አፍ መዝጊያ ነው።

«እትዬ፣ በሞቴ ዝም በይ» አላት። «ገና አሁን ሰው መሆኔ ነው።»

ጓዳና ሳሎን ስትመላለስ አመሸች፤ የታጠበውን ዕቃ ደግማ አጠበች።

በማግስቱ አንዲት መነጽር ያደረገች መርማሪ ከባልደረባዋ ጋር መጣች። ኃላፊው ቀድሞ ጀመረ፤ «እንዳልኳችሁ ወረቀቱ ተወግዷል። ይኸው፣ እሷን ጠይቋት።»

ቁልፌ ከወንበሯ ተነሳች። ጠረጴዛውን ያዝ አደረገች።

«አልተወገደም» አለች። «እዚሁ አለ። ከወንድሜ ወረቀት ጀምሩ፤ ኋላ የራሷን ደበቀች እንዳይሉኝ።»

ኃላፊው ወጥቶ ሄደ። ከወር በኋላ ከሥልጣኑ ተነሳ፤ ቅጥሩም ተሰረዘ። የወደቁት እንደገና ተፈትነው ብዙዎቹ ገቡ። እሷን ማንም አላመሰገናት፤ እንዲያውም አንዳንድ ባልደረቦቿ ስትገባ ወሬ ያቋርጡ ጀመር።

ወንድሟ ልብሱን በሻንጣ ጠቅጥቆ አጎታቸው ዘንድ ሄደ። ስትደውል አያነሳም። እሷ ግን ምሳ ሰዓት በደረሰ ቁጥር ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለች ትደውላለች። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ይዘጋል። አንድ ቀን ድንገት ተነሳ። ከወዲያ በኩል የመኪና ጩኸትና የሰው ጫጫታ ይሰማል። ኮሪደሩ መሀል ቆመች።

«ምሳ በላሽ?» አላት በመጨረሻ።