ከበሮው ሳይመታ

ኤሰንቡቃ አርባ አንድ ዓመቱ ነው። ማለዳ ባዝራዎቹን ያልባል፤ ቀጥሎ የዘጠኝ ሰዎቹን ቀስትና ኮርቻ ይፈትሻል፤ ሲመሽ ኮርቻውን ተንተርሶ ይተኛል። ዐሥር አለቃ ነው። ከዐሥሩ አንዱ ከውጊያ ቢሸሽ የዐሥሩም አንገት እንደሚቀላ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል።

በሳምንቱ መጀመሪያ ወንዙ ዳር ከጠላቶቻቸው ከቂፕቻቆች ጋር ገጠሙ። እንደ ልማዳቸው የተሸነፉ መስለው ሸሹ፤ ጠላትም ሰልፉን አፍርሶ ተከተላቸው። የመዞሪያው ምልክት፣ ከበሮው፣ ሲመታ ዞሩ። የፍላጻው ውርጅብኝ ፈረሶቹን ከነጋላቢዎቻቸው ዘረገፈ። ኤሰንቡቃ የወደቀ ጎረምሳ ጉሮሮ ቆርጦ ቀና ሲል ከዘጠኙ ሰዎቹ አንዱን፣ የእህቱን የሳርኒን ባል ናሪንን፣ ከጎኑ አጣው። የይምሰል ሽሽቱ ለናሪን የእውነት ሆኖ ነበር።

ከጉብታው ጀርባ፣ አረፋ ከደፈቀ ፈረሱ አጠገብ፣ ተቀምጦ አገኘው።

«ከበሮው አልተሰማኝም» አለ ናሪን።

«ጆሮህን ለእህቴ ትተህላት ነው እንዴ የመጣኸው? ሬሳው እንኳ ሰምቶታል!»

«በቃ፣ ግደለኝ።»

«መቶ አለቃው ሬሳህን እዚህ ሲያገኝ ምን ልበለው? ሊሸና መጥቶ ነው ልበል?» ኤሰንቡቃ ጋሻው ላይ የተሰካውን የጠላት ፍላጻ ነቀለ። «ደረትህን ስጠኝ።»

«በጀርባዬ አድርገው፤ እንዳላይህ።»

«ከበሮው ሳይመታ ጀርባው የተወጋ አይታማም፤ ያኔ ሁላችንም ጀርባ ሰጥተናል። ከተመታ በኋላ ጀርባው የተወጋ ግን ሸሽቷል ነው የሚባለው፣ ደንቆሮ!»

ፍላጻውን በደረቱ በኩል ከትከሻው አጥንት ሥር ሰቀሰቀው። ናሪን ጮኸ። ኤሰንቡቃ የናሪንን ፈረስ ልጓም በሰይፍ በጠሰ።

ሲመሽ መቶ አለቃው ጣቱን ቁስሉ ውስጥ አስገባ። «ይሄ የት ነበር?»

«ሲወጋ ልጓሙ ተበጠሰበት፤ ፈረሱ ይዞት በረረ» አለ ኤሰንቡቃ።

«ፈረሱ ነው ፈሪው በለኛ!» መቶ አለቃው ጣቱን በናሪን ጺም ጠርጎ እየሳቀ አለፈ።

በአራተኛው ቀን፣ ነገም በይምሰል እንደሚሸሹ ትእዛዝ ደረሰ። ኤሰንቡቃ ናሪንን ለብቻው ወሰደው።

«ነገ ከበሮው ሲመታ ትዞራለህ?»

ናሪን የፈረሱን እግር ተመለከተ። «እግዜር ያውቃል» አለ።

ኤሰንቡቃ ስምንቱ ሰዎቹ እሳት ከበው ሥጋ ሲቀራመቱ፣ በአጥንቱም ሲጣሉና ሲሳሳቁ አያቸው። ከሜዳ ከለቀማቸው የጠላት ፍላጻዎች ቀጥ ያለውን መርጦ በራሱ ቀስት ሞከረው። ነገ ከናሪን ኋላ ይጋልባል። ፍላጻውንም የሚወረውረው ከበሮው ሳይመታ ነው።