ሦስት ፓምፕ የጨረሰች ፒክአፕ

የመጀመሪያው የናፍጣ ፓምፕ የተበላሸው ዱርቤቴ መግቢያ ላይ ነው። እኔ አልነበርሁም። ሾፌራችን ደውሎ «እማማ፣ መኪናዋ አሳላትና ቆመች» ሲለኝ ሳቅሁ። መኪና ጉንፋን እንደሚይዛት ያኔ ገና መስማቴ ነው። ሁለተኛው ፓምፕ ብዙም ሳይቆይ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ዐባይን ልትሻገር ስትል ሲሞት ግን አልሳቅሁም።

ፒክአፗ ባለቤቴ ከማረፉ በፊት ከልጄ ጋር ሆነው የገዟት የናፍጣ መኪና ናት። ልጄ ኮሌጅ ያስተምራል፤ መንዳቱም መጠገኑም አይሆንለትም። ስለዚህ የሚነዳት አንድ የዱርቤቴ ሰው ነበር፤ አራት ዓመት አብሮን ሠርቷል። ከጎርጎራ ዓሣ፣ ከቆላ ድባ ሽምብራ ለንግዳችን ያመጣል። ሦስት ሴቶች ልጆች አሉት። ዝምተኛ ሰው ነው። ድሮ ዝምታውን ከጨዋነት እቆጥርለት ነበር፤ ከሁለተኛው ፓምፕ በኋላ ግን ያው ዝምታ ያሳክከኝ ጀመር።

መካኒኩ የተፈታውን ፓምፕ መዳፉ ላይ አድርጎ አሳየኝ። ዝጓል። «ይቺ መኪና ውሃ ጠጥታለች፣ እናቴ» አለኝ። «የዚህ ዕቃ ቅባቱ ራሱ ናፍጣው ነው። ውሃ ሲገባበት ብረት ከብረት ይፋጫል፤ ያልቃል።»

«ውሃው ከየት መጣ?»

«እሱን እንግዲህ ሾፌሩን ይጠይቁ» ብሎ አጠገቡ ያለውን ጠቀሰው። ጓደኛው ነው የጨረሰው፦ አንዳንድ ሾፌር ናፍጣውን ቀድቶ ይሸጥና ጉድለቱን ከቧንቧ ይሞላል አለ። ይህን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፌም ምግቤም ሌላ ሆነ። በር ሲንኳኳ እነሳለሁ፤ ስልክ ሲጮህ እነሳለሁ፤ ማንም ሳይጠራኝም እነሳለሁ።

ያን ጊዜ ናፍጣ እንደልብ አይገኝም ነበር። ማደያ ላይ ሰልፉ ከጠዋት እስከ ቀትር፣ ሲብስ እስከ ማግስቱ ነው። ስለዚህ ሾፌሩ ተራው ደርሶ ታንከሯን በሞላ ቁጥር እቤት ያመጣትና ከፊሉን በጎማ ቱቦ ስቦ ጀሪካን ውስጥ ያኖራል፤ ማደያው ባዶ በሚሆንበት ቀን እሱን እንጠቀማለን። ጀሪካኖቹ ዕቃ ቤት ይቆለፍባቸዋል፤ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ባዷቸውን ሲመለሱ በዱቄት ሳሙና አጥቤ፣ አጥሩ ሥር ደፍቼ፣ በየመጠናቸው የምደረድራቸው እኔ ነኝ። ቤቴ ናፍጣ ናፍጣ ሲል አልወድም።

ሦስተኛው ፓምፕ ሲሞት በዓይኔ አየሁ። ሰውየውን ልጠብቀው ብዬ ጋቢና ገብቼ ጎርጎራ ድረስ አብሬው ሄጄ ነበር። ዓሣ ጭነን ስንመለስ፣ ቆላ ድባ ሳንደርስ፣ መኪናዋ ሁለት ጊዜ አስነጠሰች፤ ከዚያ ዝም አለች። ፀሐዩ ደግሞ የሚምር አልነበረም። የዓሣው በረዶ ሲቀልጥ ከኋላ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማኛል። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አለፍ ሲል አንገቱን አውጥቶ «ወንድሜ፣ ዓሣው ሐይቁ ናፍቆት ነው! መልሰው!» ብሎ ጮኸ። የኛው ሾፌር ኮፈኑን ከፍቶ እንዳቀረቀረ ቀረ። እኔ መንገድ ዳር ቆሜ ዓሣውን ከገበያ ለሚመለሱ ሴቶች አደልሁት። ከሚሸት ይበላ።

መኪናዋ ተጎትታ ባሕር ዳር ጋራዥ ስትገባ፣ መካኒኩ ገና ሲፈታት «ያው ውሃ ነው» አለ። እኔም አልቻልሁም። ሾፌር ሁሉ ተሰብስቦ በሚያይበት፦

«አራት ዓመት ቤቴ በልተህ ጠጥተህ ናፍጣዬን ለማን ሸጥኸው? ምን ቆርጦህ ነው ውሃ የምትሞላባት?» አልሁት።

እጁን በጨርቅ ጠረገ። «እማማ፣ አንዲት ጠብታ አልነካሁም።»

«ታዲያ ውሃው ከሰማይ ወረደ?»

«ክረምቱ እየገባ እኮ ነው እማማ፣ ሊወርድ ይችላል» አለ አንዱ ከኋላ። ሁሉም ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

ልጄ «ቁልፉን ያስረክብና ይሂድ» አለኝ በጆሮዬ። ቁልፉን ቢያስረክብ ምን እንደሚከተል አውቃለሁ። ናፍጣ ሸጦ ውሃ ሞላ የተባለን ሾፌር በዚህ ከተማ ማንም መኪና አይሰጠውም፤ ዱርቤቴም ቢመለስ ወሬው ቀድሞት ይደርሳል። እኔ ደግሞ ሌባ ያልሁት ገምቼ እንጂ ይዤው አልነበረም። ይህ ነገር ወዲያው ጎረበጠኝ።

«ቆይ» አልሁት ልጄን። «መናገሩን ተናግሬያለሁ፤ ማየቱን ግን አላየሁም። በዓይኔ ልየው። እስከዚያ ቁልፉ እሱ ዘንድ ይቆይ።»

«እማዬ፣ አንቺ ደግሞ! መርማሪ ነሽ እንዴ?»

«ባልሆንም ልየው።»

አዲሱ ፓምፕ ሲገጠም ታንከሯን አስወርጄ አስደረቅሁ። ከዚያ ሾፌሩ አጠገብ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ማደያ ተሰለፍን። ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን እዚያው ነበርን። ሰልፉ ሁለት እርምጃ ሲሄድ ሁለት እርምጃ እንሄዳለን። ውጭ ወርጄ እቆማለሁ፣ ተመልሼ እገባለሁ። አንድ ጊዜ «ይቀመጡ እማማ፣ እግርዎን ያምዎታል» አለኝ። ይባስ ብዬ ወረድሁ።

ታንከሯ ሞልታ እቤት ስንደርስ ከእሷ በቀጥታ አንድ የውሃ ላስቲክ ጠርሙስ አስቀዳሁ። ከዚያ ሁለት ጀሪካን ሞላ፤ ዓይኔን ከእጁ አላነሳሁም። ዕቃ ቤት ቆለፍሁባቸው። በማግስቱ ጠዋት ሲመጣ ከፍቼ «ከጀሪካኑ ቅዳልኝ» አልሁት።

«ውሃ ከታች ነው የሚተኛው፤ ቱቦው ወለሉን ይንካ» አለ። ራሱ ነው እንዲህ ያለኝ። አስነክቶ ስቦ ሁለተኛውን ጠርሙስ ሞላ።

ሁለቱን ጠርሙሶች መስኮቱ ላይ ጎን ለጎን አቆምኋቸው። ትንሽ ቆይተን አየናቸው። የታንከሯ ናፍጣ ከላይ እስከ ታች ጥርት ያለ ነው። የጀሪካኑ ግን ከሥሩ ጣት የሚያህል ውሃ ተኝቶበታል።

ሾፌሩ ጠርሙሱን አየው፤ እኔንም አየኝ። የመኪናዋን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ደረጃው ላይ አኖረና ወጣ። በሩን እንኳ ቀስ ብሎ ነው የዘጋው።

ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ያዝሁት አልሁ። ልጄ ጋር ልደውል ስልኬን አነሳሁና ምን እንደምለው በልቤ ስደረድር ነገሩ አልገጥም አለኝ። ከማደያው የመጣው ንጹሕ ነው። ሲቀዳ አጠገቡ ነበርሁ። ሌሊቱን ቁልፉ አንገቴ ላይ አድሯል። ታዲያ ይህ ሰው መቼ ነው ውሃ የጨመረው? ስልኩን አስቀመጥሁት። ወጥቼ አጥሩ ሥር የደፋኋቸው ባዶ ጀሪካኖች ዘንድ ሄድሁ። ከታጠቡ ሁለት ቀን ሆኗቸዋል። አንዱን አነሳሁ፤ ከውጭ ደርቋል። ወዘወዝሁት። ቿ አለ።

እጀታው ውስጡ ክፍት ነው። ትከሻውም ጎድጓዳ ነው፤ ተደፍቶ ቢያድር ቢውል ውሃው እዚያ ተኝቶ ይቀራል። ወዲያና ወዲህ ሳጋድለው አንድ ብርጭቆ የሚሞላ ውሃ ወጣ፤ አረፋ ጭምር ነበረው። የራሴ ሳሙና ነው። ሦስቱንም ፓምፕ የገደልሁት እኔ ነኝ።

ውሃ ያለበትን ጠርሙስ በዘንቢል ይዤ ከቤት ወጣሁ። ወዴት እንደምሄድ አላሰብሁም፤ እግሬ ሐይቁ ዳር አደረሰኝ። ተቀመጥሁ፣ ተነሳሁ፣ እንደገና ተቀመጥሁ። ማንም አላየኝም። ጠርሙሱን እደፋለሁ፣ ጀሪካኖቹን ፀሐይ ላይ አደርቃለሁ፣ መኪናዋ ከእንግዲህ አትበላሽም፤ ሁሉም «ሾፌሩ ሲሄድ ዳነች» ይላል። ልጄም ይህንኑ ይላል። ይህን ያህል አሰብሁ። ከዚያ እንደዚያ የሚባልበት ሰውዬ ደረጃዬ ላይ ቁልፉን ሲያኖር ትዝ አለኝና ተነሳሁ።

ቤቱ ስደርስ ልጆቹ በር ላይ ናቸው። እሱ ወጣ። የሆነውን ነገርሁት። ሰማኝና «ይሁን እማማ፣ ከታወቀ ይበቃል» አለ።

«አይበቃም። ያዋረድሁህ ጋራዥ ነው እንጂ እዚህ አይደለም። ተነሥ፣ እንሂድ።»

«ኧረ ይተዉት፤ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት።»

«ሌባ ስልህስ ትንሽ ነበርሁ?»

ይህን ጊዜ ሳቅ አመለጠው። ጫማውን አደረገ።

ጋራዡ እንደዚያን ቀኑ ሞልቶ ነበር። በመንገዳችን ከአጥሬ ሥር ያነሳሁትን ሌላ ጀሪካን ከፍ አድርጌ ወዘወዝሁት። «ይህን ትሰማላችሁ? ውሃው የኔ ነው። ይህ ሰው አልሰረቀኝም። ሌባ ያልሁት እናንተ ፊት ነውና ይቅርታውንም እናንተ ፊት እጠይቀዋለሁ» አልሁ። መካኒኩ ጀሪካኑን ተቀብሎ አጋድሎ አየና «ሦስት ፓምፕ በንጽሕና ብቻ! ይህስ ገጥሞኝ አያውቅም» አለ። ሳቁብኝ፤ ይሳቁ። ከመካከላቸው አንዱ ግን መሳቁን ትቶ «ቆይ፣ ሚስቴም እኮ ታጥባለች!» ብሎ ስልኩን እየነካካ ሲወጣ አየሁት።

ሾፌሩ ተመለሰልን። ልጄ ይቅርታ ለመጠየቅ ሁለት ሳምንት ፈጀበት፤ እስኪጠይቅ ድረስ አላናገርሁትም።

እኔ አሁንም አልረጋሁም። መኪናዋ ጎርጎራ ሄዳ ከዘገየች ስልኩን ጉያዬ ይዤ ከበር እስከ መስኮት እመላለሳለሁ። ጀሪካኖቹን ማጠብ ትቻለሁ፤ ናፍጣው ቢሸትም ይሽተት። ሾፌሩ ግን ናፍጣ ከመቅዳቱ በፊት እያንዳንዱን ጀሪካን ክዳኑን ፈትቶ ፊቴ ይደፋዋል፤ ያጋድለዋል፤ ወደ ጆሮው ወስዶ ይወዘውዘዋል። ሰዓቱ ይሄዳል፤ ዓሣ አጥማጆቹ ይጠብቁታል። ባለፈው ትዕግሥቴ አለቀና «አላጠብሁትም አልሁህ እኮ! አታምነኝም?» አልሁት።

«አምናለሁ እማማ» አለ ጀሪካኑን እንዳጋደለ። «ግን በዓይኔ ልየው።»

አይቶ እስኪጨርስ ቆሜ ጠበቅሁት።