የፓምፕ መግጠሚያና የዘሐራ መቀነት

ሥራ የጀመርኩት ወንድሜ ይማም መካነ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ በከፈተው የውሃ ፓምፕ ሱቅ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጎማውን ከፓምፑ የሚያያይዘውን የብረት መግጠሚያ አንድ ጆንያ ፊቴ ዘረገፈና «ባለ ሁለት ኢንቹን ከባለ ሦስቱ ለይልኝ» ብሎኝ ወጣ። ብረቱ ላይ ቁጥር አለበት። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት ደጁን አልረገጥኩም። ይህን ለወንድሜ መናገር ከበደኝና ቀዳዳው ውስጥ ጣቴን እየከተትኩ ለየሁ። ሦስት ጣት ጥብቅ አድርጎ የሚይዘው ባለ ሁለት፣ እጄን ሰብሰብ ሳደርገው የሚውጠው ባለ ሦስት።

ይማም ሲመለስ አገላብጦ አየና ሳቀ። «ወላሂ ዘሐራ፣ አንድም አልሳትሽ!» ከዚያ ወዲያ የሱቁ ሜትር የእኔ ጣት ሆነ።

ሌላውን እሱ አስተማረኝ። ከፓምፑ በፊት ያለው ጎማ ይስባል፣ በኋላ ያለው ይገፋል። የሚስበው ጠንካራ መሆን አለበት፤ የሚገፋው እንደ ሸራ የሚታጠፈው ጠፍጣፋ ቢሆን ግድ የለም። አንድ የወረኢሉ ሰው «ለአህያዬ ይቅለላት» ብሎ ለሁለቱም ጠፍጣፋውን ካልወሰድኩ አለ። ተው ብንለው አልሰማም። በሚቀጥለው ገበያ ጎማውን ተሸክሞ መጣ። «ሞተሩ ሲነሳ እንደ ጾመኛ ሆድ ተጣበቀ! ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ?» እያለ ሰው ሰብስቦ ሰደበን። ስቀን ቀየርንለት። ያ ስድብ ደግ ስድብ ነበር፤ ያኔ አልገባኝም።

ወሬ ይዞኝ ይሄዳል፤ ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

ይማም ዓይኑ ሲደክም ሱቁ በእኔ እጅ ገባ። ሱቅ ተቀምጬ መዋል አልወድም፤ ጆንያዬን ሚኒባስ ላይ አስጭኜ አንድ ጊዜ ማሻ፣ አንድ ጊዜ ወረኢሉ እዞር ነበር። ገዢው «የእትየ ዘሐራ ጣት አይስትም» ይላል። እኔም ደስ ይለኛል። አንድ ዓመት ዕቃ የምንወስድበት ነጋዴ ከሌላ አገር የመጣ መግጠሚያ ሰጠኝ። ጣቴን ከተትኩ፤ ልኩ ያው ነው። ሸጥኩት።

ያላየሁት ጥርሱን ነው። ጥርስ የምንለው ለመጠምዘዣ ዙሪያውን የተቆረጠውን ነው። የአዲሱ ጥርስ በአገራችን ካሉት ፓምፖች ጥርስ ትንሽ ይበልጥ ይቀራረባል። ጥቂት ዙር ደህና ይገባና ይነክሳል፤ ከዚያ ወዲያ አይሄድም። በሚገፋው በኩል ቢሆን ውሃ ስለሚያንጠባጥብ ሰው ያየዋል። በሚስበው በኩል ግን ውሃ አይወጣም፣ አየር ይገባል። አየር ደግሞ አይታይም። ሞተሩ ይጮኻል፣ ውሃው ግን እያሳለ ጠብ ጠብ ይላል።

አንድም ሰው አልመለሰልኝም። ዕቃው ደህና ነው ብዬ ደጋግሜ አመጣሁ።

በበጋ ከከተማው በታች ለቅሶ ልደርስ ስወርድ በጌታነህ ማሳ በኩል አለፍኩ። ጌታነህ ደንበኛዬ ነው። ያን ዓመት መሬቱን ሁሉ ሽንኩርት አድርጎ የቤተሰቡን ጉሮሮ በእሱ ላይ ጥሎ ነበር። ሞተሩ ይጮኻል። ሚስቱ የሺ ግን ከወንዙ በጀሪካን ትቀዳለች። የላይኛው ሽንኩርት ቢጫ ሆኗል። መግጠሚያው ላይ ጥቁር ላስቲክ ተጠምጥሞ ጭቃ ተለድፎበታል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩ።

ጌታነህ አቀረቀረ። የሺ ጀሪካኑን አስቀመጠች። «የዘሐራ መቀነት ነዋ።»

«የማን?»

«የእርስዎ፣ እትየ። ጎሚስታው ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ እየቆረጠ ይሸጠዋል። ከእርስዎ የገዛ ሁሉ ቀጥሎ ወደ እሱ ነው። ገበያው እንዲያ ብሎ ነው የሚጠራው።»

«ኧረ የሺ፣ ተይ እንጂ!» አላት ጌታነህ።

«ምኑን ነው የምተወው? አንተ ስታፍር ሽንኩርቱ ደረቀ!»

«ለምን አልመለስክልኝም?» አልኩት።

«በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ፊት፣ በገበያ መሐል፣ 'የእርስዎ ብረት አልገጠመም' ልበል? ሰውስ ምን ይለኛል? መግጠም ያቃተኝ እኔ ነኝ ብዬ ተውኩት።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከጎረቤቱ በይማም ጊዜ የተሸጠ አሮጌ መግጠሚያ አስመጣሁ። ሁለቱን ጥርስ ለጥርስ ገጥሜ ወደ ፀሐይ ያዝኳቸው። ዳሩ ላይ ይነካካሉ፣ መሐላቸው ብርሃን ያልፋል። አሮጌው ግን ፓምፑ ላይ በእጅ ብቻ እስከ መጨረሻው ገባ። የሞተሩ ድምፅ ወፈረ፤ ውሃው ጎማውን ነፍቶ ወጣ። የታችኛው ማሳ ተረፈ። የላይኛው አልተረፈም።

«አብሽሩ እትየ፣ የተረፈው ይበቃናል» አለኝ ጌታነህ። ባይምረኝ ይሻለኝ ነበር። ለቅሶው ቤት ስደርስ ሰዉ ለሟቹ የማለቅስ መስሎት አጽናናኝ።

ጎሚስታውን «ስሜን ምነው ሸጥከው?» ስለው፣ ላስቲኩን በእግሩ ወደ ወንበሩ ሥር እየገፋ «እትየ፣ እኔ ስም አላወጣሁ፤ ገዢው ነው እንዲያ ብሎ የሚጠይቀኝ» አለኝ።

ትክክለኛውን መግጠሚያ ይዤ በየማሳው ዞርኩ። ስመጣ ያየኝ ሰው ላስቲኩን በቅጠል ይሸፍናል። «ደህና ነው እትየ፣ ይሠራል» ይለኛል። እኔ ቅጠሉን አነሳለሁ፣ እሱ ወደ ሌላ ያያል። ሁለታችንም ቀና አንልም። ከሌባ በላይ ያፈርኩት ያን ሰሞን ነው።

ዛሬ ከፓምፑ የወለቀውን አሮጌ መግጠሚያ ላላመጣ አልሸጥም። ጥርሱን ከጥርሱ አስተያያለሁ። በእጅ ካልገባ ማጥበቂያ ቁልፍ አላነሳም። ጎማውን ገጥሜ አንዱን ጫፍ እደፍንና በሌላው በአፌ እስባለሁ፤ ጎማው ምላሴን ስቦ ካልያዘው አየር ያስገባል ማለት ነው። ጎማ ስስብ የሚያዩኝ ይስቃሉ። ይሳቁ።

ለዚህ ሥራ አዲስ ለሆናችሁ፦ ልክ ሌላ ነው፣ ጥርስ ሌላ ነው። ዕቃው አልተመለሰም ማለት ሠራ ማለት አይደለም። ሄዳችሁ እዩት።