የምክር ክፍሉ አስተማሪ ቤቴ የመጣ ዕለት

ነገሩ የሆነው ሞባይል ስልክ ቡታጅራ ገብቶ ገና የነጋዴ ማጌጫ በነበረበት ጊዜ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። የማልረሳው በሁለት ምክንያት ነው፤ አንደኛ፣ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ሁለተኛ፣ ባለቤቴ አስካለ እንድረሳው አትፈቅድልኝም።

እኔ አናጢ ነኝ። አልጋ፣ ቁምሳጥን፣ በር እሠራለሁ። እጄን ብዙ ሰው ያመሰግነዋል። አፌን ያመሰገነ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

የመጨረሻ ልጄ ምህረት ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበረች። ዓመቱ ሲያልቅ አገር አቀፍ ፈተና ይጠብቃታል። በሒሳብ ከክፍሏ የሚደርስባት አልነበረም። ታዲያ ከገና በኋላ ልጅቷ ተለወጠችብኝ። ደብተር መግለጥ ተወች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሥራ ቤቴ በር ላይ ቆማ ዝም ብላ ታየኛለች። “ምነው?” ስላት፣ “ምንም” ብላ ትገባለች። እኔ ደግሞ “ምንም” የሚል ሰው አላምንም። እኔ ራሴ ስንቱን ነገር በ“ምንም” ሸፍኜ ያለፍኩ ሰው ነኝ።

አንድ ቀን አስካለ፣ “አዲስ የመጣው አስተማሪ በየሳምንቱ ለብቻዋ ይጠራታል አሉ” አለችኝ።

“ምን ሊያስተምራት?”

“አያስተምርም። ምክር ነው የሚሰጠው አሉ።”

ጆሮዬ ቆመ። በማግስቱ የሚጠገን ዴስክ እንዳለ ልጠይቅ ነው ብዬ ሜትሬን አንገቴ ላይ ጥዬ ትምህርት ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ የድሮ ወዳጄ ሽኩር አለ፤ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው። ጥግ ላይ ያለውን ክፍል አሳየኝ።

“ይሄ የጠመኔ መጋዘን አልነበረም እንዴ?”

“ነበር። አሁን የምክር ክፍል ሆኗል።”

“ምን ይሠራበታል?”

“ያወራሉ።”

“አውርተውስ?”

“አንዳንዶቹ ያለቅሳሉ። ከዚያ ቀለል ብሏቸው ይወጣሉ።”

“እና ለዚህ ሰውየው ደመወዝ ይከፈለዋል?”

“በየወሩ ነዋ!”

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማኝ ቅናት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በነፃ ሳወራ ነው የኖርኩት። ቀጥሎ ጥርጣሬው መጣ። በዚያ ዘመን ለማውራት ደመወዝ የሚቆረጥለት ሰው ካድሬ ነው። ግን ካድሬ ሲያወራ ሰው ያዛጋል እንጂ አያለቅስም። ስለዚህ ሌላ ነገር አለው ማለት ነው።

“ባለትዳር ነው?” አልኩት ሽኩርን።

“ኧረ ገና ነው። ወጣት ነው።”

በቃ! ያዝኩት አልኩ።

ክፍሉ ውስጥ ሁለት ወንበሮች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው ጠረጴዛ የለም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ይህንንም ጠረጠርኩት፤ የሚደብቀው ያለው ሰው ነው እንዲህ በር የሚከፍተው። መምህር አንዱዓለም ከጎጃም የመጣ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ልጅ ነው። የምህረት አባት መሆኔን ስነግረው ደነገጠ። መደንገጡን መዘገብኩ።

“ልጄ ምን ብላ ነው አንተ ዘንድ የምትመላለሰው?”

“አባት፣ እሷ ካልፈቀደች ልነግርዎት አልችልም።”

“እኔ እኮ ወላጇ ነኝ!”

“አውቃለሁ። ተማሪዎች የነገሩኝን ካወጣሁ ማንም ተመልሶ አይመጣም። እሷ ስትፈቅድ ግን እኔው ራሴ ቤትዎ እመጣለሁ።”

ቤቴ ተመለስኩ። “እሷ ስትፈቅድ ቤቴ ሊመጣ ነው” አልኳት አስካለን። “ይሄ ምክር ነው ወይስ ጠለፋ?”

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ሽኩር ቆሟል፤ ኮት ለብሷል፣ ነጭ ቆብ አድርጓል፣ ከዘራ ይዟል። ሽኩርን በኮት አይቼው አላውቅም። ከኋላው መምህሩ አንገቱን ደፍቷል።

“አሰላሙ አለይኩም” አለ ሽኩር፣ የማያውቀኝ መስሎ።

“ግቡ፣ ተቀመጡ።”

“የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም።”

እንግዲህ በእኛ አገር ኮት የለበሰ ሽማግሌ አንገቱን የደፋ ወንደላጤ አስከትሎ “አንቀመጥም” ሲል ትርጉሙ አንድ ነው። አስካለ ነጠላዋን ሳበች። እኔ በሆዴ፣ በሥራ ቀን እየመከረ በእሁድ ሊያገባ! አልኩ።

“የመጣነው ስለ ልጅቷ ነው” ሲል ጀመረ ሽኩር።

“ልጅቷ ገና ልጅ ናት!” አልኩ ሳላስጨርሰው በቁጣ።

ሁለቱ ተያዩ። መምህሩ ፊቱ በራ። “እኛም የምንለው ይህንኑ ነው፣ አባት” አለ።

“ገና ልጅ ከሆነች ታዲያ ምን ልትጠይቁኝ መጣችሁ?”

“እንዳትድራት ነዋ!” አለ ሽኩር።

“ለማን? ለእሱ?” ብዬ ወደ መምህሩ ጠቆምኩ።

“አስተግፊሩላህ! ለመርካቶው ነጋዴ!”

“የትኛው የመርካቶ ነጋዴ?”

የጓዳው መጋረጃ ተገለጠና ምህረት ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል። “አልጋውን የምትሠራለት!” አለችኝ።

ያኔ ትዝ አለኝ። አንድ የአገራችን ልጅ፣ መርካቶ ሱቅ ያለው፣ ትልቅ የሙሽራ አልጋ አዝዞኝ ነበር። ከገና በኋላ አንድ ደንበኛ፣ “ይሄ የሚያምር አልጋ የማነው?” ሲለኝ፣ “የምህረት ነዋ! ፈተናዋን እንደጨረሰች ለመርካቶ ነጋዴ እድራታለሁ፤ አማቼ ቪትስ መኪና ይገዛልኛል” ብዬ ተሳሳቅን። ልጅቷ ለካ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እየመጣች አልጋው ሲያልቅ ታያለች። እኔ ደግሞ የአበባ ጌጥ እየጨመርኩበት ነው።

ሳቄ አመለጠኝ። “ቀልድ እኮ ነው!”

ማንም አልሳቀም።

“እናትሽን አትጠይቂም ነበር?” አልኳት።

“ጠይቃኛለች” አለች አስካለ። “‘አባትሽ የምሩን ሲናገር እኔም ሰምቼው አላውቅም፣ ምን ልበልሽ?’ አልኳት። አንተን ብጠይቅህ ያው መቀለድህ አይቀርም።”

“አሁንስ እየቀለድክ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?” አለች ምህረት። “ቀልድ ነው የምትለው ሰው ስላለ ይሆናል። እነሱ ሲሄዱስ? ከተዳርኩ ለምን አጠናለሁ?”

 እንዲያግዘኝ ወደ ሽኩር ሳይ ሽኩር ጣሪያውን ያያል።

መምህሩ ይቆጣኛል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። ሽማግሌ ይዞ የመጣው፣ ስለ ሴት ልጅ ብቻውን መጥቶ መነጋገር በእኛ አገር ነውር እንዳይሆንበት ፈርቶ መሆኑን ነገረኝና ቀስ ብሎ፣ “ለእኔ ማስረዳት አያስፈልግዎትም፤ ለእሷ ይንገሯት። ሳይስቁ፣ ዓይኗን እያዩ” አለኝ።

ቀላል ይመስላል። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። “ምህረት...” አልኩና አፌ በልማዱ ወደ ሳቅ ሊሄድ ሲል በእጄ ያዝኩት። ልጅቷ እንደ መርማሪ ከንፈሬን ከንፈሬን ታየኛለች። እንደገና ጀመርኩ። “አልድርሽም። የምትማሪውን ያህል ተማሪ። ያን አልጋ የሠራሁት ለሰው ነው።” ላብ በላብ ሆንኩ። ቁምሳጥን ብቻዬን ብሸከም እንዲያ አልደክምም።

ወዲያው አላመነችኝም። አልጋው በአይሱዙ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ መንገድ ዳር ቆማ እስኪሰወር ካየች በኋላ ነው ደብተሯን የገለጠችው። ፈተናውንም በደንብ አለፈች።

ያን ሁሉ ሳምንት እኔ ሰውየውን ስጠረጥር እሱ እኔን ይጠረጥር ነበር። የሚያናድደኝ ደግሞ የእሱ ጥርጣሬ ከእኔው የተሻለ ማስረጃ ነበረው። ሰው ለማውራት ደመወዝ ይከፈለዋል ወይ ብዬ አፊዤ ነበር። አሁን ሳስበው፣ የሚከፈለው ለማውራቱ አይደለም፤ ልጄ ለእኔ ልትነግረኝ ያልቻለችውን ዝም ብሎ በመስማቱ ነው። ያ ሥራ ለእኔ ቢሰጠኝ በመጀመሪያው ቀን እባረራለሁ።

ምህረት ዛሬ የልጆች እናት ናት፤ የምትኖረው ወልቂጤ ነው። እኔም ለእሷ የምሩን መናገር ተለማምጃለሁ፤ ቢያንስ የተለማመድኩ ይመስለኛል። ባለፈው ስትደውል፣ “አባባ፣ ደህና ነህ?” አለችኝ። “ጉልበቴን ያመኛል፤ አንቺም ናፍቀሽኛል” አልኳት፣ ሳልስቅ።



“እናቴ እዚያ አለች?” አለችኝ በጥርጣሬ። “እስቲ ስልኩን ስጣት።”