በረዶ ያልነካው ገብስ

በረዶው ከጉና በኩል መጥቶ የወረደው መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ገብሱ ዛላውን አውጥቶ ሳለ ነው። በማግስቱ ጠዋት ከላይ ጋይንት ጎጦች በአንዷ ሰው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ ማሳውን ሊያይ ወጣ። በዳገቱ ላይ የቆመ ዛላ አልነበረም። የምንተስኖት ማሳ ሲደርስ ግን በረዶው ድንበሩ ላይ ቆሟል። ከድንበሩ ወዲያ አገዳው ጭቃ ላይ ተኝቷል፤ ወዲህ ገብሱ ቀጥ ብሎ ይወዛወዛል።

ምንተስኖት ደስ ሊለው ሲገባ ዞሮ ጎረቤቶቹን አየ። ሰዎቹ የራሳቸውን ማሳ ማየት ትተው የእሱን ያያሉ። አንዲት ሴት እንደ ዋዛ ልጇን ከፊቱ ስባ ከኋላዋ አደረገችው። የእኔንም በመታው ኖሮ፣ አለ በልቡ።

ምንተስኖት በልጅነቱ ለቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከቤት ወጥቶ ጢም አብቅሎ የተመለሰ ሰው ነው። አብሮት የወጣው ቀለመ ወርቅ የዜማውን መጽሐፍ ድጓን ጨርሶ፣ በመምህራን ፊት አስመስክሮ፣ መሪጌታ ተብሎ መጣ፤ ሰበካው በእልልታ ተቀበለው። ምንተስኖት ሳያስመሰክር ሲመጣ ግን «ከዚያ ሁሉ ዘመን ምን ይዞ መጣ?» ተባለ። አግብቶ፣ አርሶ፣ ልጅ ወልዶ እንኳ በጎጡ የሚጠራው «የቆሎ ተማሪው» እየተባለ ነው። ለሽምግልና የሚፈልገው የለም፤ የሚፈለገው አጥር ሲታጠር ነው። ሳቁ ሲሰለች ደግሞ ሌላ ወሬ ተተካ፤ ያን ያህል ዘመን የኔታ ዘንድ የተቀመጠ ሰው ባዶውን አይመለስም፣ የደበቀው ድግምት ቢኖር ነው ተባለ። ይህም ጆሮው ደርሷል። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ እንኳ ሲሰጡት ከሰላምታው ጀርባ ምን እንዳለ ይፈትሻል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አያ ካሴ ቤቱ መጡ፤ የጎጡ ትልቅ ገበሬ ናቸው። ጎረምሳው ሞላ ተከትሏቸዋል። ሰርካለም፣ የምንተስኖት ሚስት፣ ጠላ ቀዳች። ምንተስኖት እንደ ደንቡ ቀድሞ ቀመሰ። እንግዶቹ ጉሮሮውን እያዩ ጠበቁ፤ ዋንጫቸውን ያነሡት ሲውጥ ካዩ በኋላ ነው።

«እንዴት ሰነበቱ?» አሉ ካሴ።

ምንተስኖት ከኋላው ሌላ ሽማግሌ የገባ መስሎት ዞሮ አየ። ካሴ በአባቱ ዕድሜ ናቸው፤ እስከ ትናንት «አንተ» ነው የሚሉት።

«እኔን ነው አንቱ የሚሉኝ?»

«ሳናውቅ አጥፍተናል፤ ይቅር በሉን። የገብሱ ነገር ሆኖ አልፏል። ማዶ ያለው ስንዴና ባቄላ ግን ገና ነው። እሱን እንዲጠብቁልን ነው የመጣነው። በአውድማ ጊዜ ከየቤቱ አንዳንድ ቁና ይሰፈርልዎታል።»

«ከምንድን ነው የምጠብቀው? ከዝንጀሮ?»

ሞላ ሳቀ፤ ካሴ ሲያዩት ሳቁን ዋጠው።

«ኧረ ይተዉን አያ ምንተስኖት፣» አለ፣ «ከበረዶ ነዋ!»

«ነፋስ ነው ያዞረው።»

«ነፋሱንስ ማን አዞረው?»

«ምንም ሳይማር መጣ ያላችሁኝ እናንተው አይደላችሁ? እንግዲያው እንዳላችሁት ነው። ድግምት የሚባል አላውቅም፤ ድጓውንም አልጨረስሁ።»

ካሴ ወደ ሞላ ዞሩ። «አላልሁህም? እንዲህ ብለው እንደሚመልሱን ነግሬህ ነበር።»

ተነሥተው ከወገባቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሡት። ምንተስኖት «ኧረ በጊዮርጊስ፣ ይተዉ!» አለ። ያለው ግን ካሴ ጎንበስ ብለው ቀና ካሉ በኋላ ነው። ያችን ታህል መዘግየቱን ራሱ ታዘበ።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ሰርካለም «እሺ ብትላቸው ምን ነበረበት?» አለችው። «ሰው ደጃችንን አክብሮ ሲረግጥ ዛሬ ገና ማየቴ ነው።»

«በውሸት ልከበር?»

«በእውነትህ ስንት ዘመን ተናቅን?» ዋንጫዎቹን ሰበሰበች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለመሆኑ ግን... እውነት አታውቅም?»

ቀና ብሎ አያት። ፊቷ ላይ ቀልድ ፈልጎ አጣ። ጸሎት ሲያደርስ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አጠገቡ ተቀምጣ ስታይ ኖራለች። ምን የሚል መስሏት ይሆን?

በማግስቱ እሑድ ሰንበቴ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ሰው በደጀ ሰላም ሲሰበሰብ ምንተስኖት ቆርጦ መጥቷል፤ በሁሉም ፊት ይናገራል፣ ነገሩም እዚያው ይሞታል። ቄስ ተክለ ማርያም ዳቦውን ባርከው ሲጨርሱ ተነሣ።

«በረዶውን የመለስሁ እኔ አይደለሁም። ዕውቀቱም የለኝም፣» አለ።

የሳቀ ሰው የለም። ያስደነገጠውም ይኸው ነው። ድሮ አፉን ሲከፍት የሚያሾፍ አይጠፋም ነበር፤ አሁን ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ከወደ በሩ አንዱ «ታዲያ ቄሱ ፊት ምን ይበሉ?» ሲል ሰማው።

ተመልሶ ሲቀመጥ በአግዳሚው ላይ የነበሩት ሰዎች እርስ በርስ ተጣበው ሰፊ ቦታ ለቀቁለት። መጥቶ ያን ቦታ የያዘው መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ነው። ከትምህርት ከተመለሱ ወዲህ አጠገቡ ተቀምጦ አያውቅም። ዳቦውን እየቆረሰ፣ ወደ ፊት እያየ ተናገረ።

«አንድ ጎጆ ውስጥ ነው የኖርነው። መቼ አስተማሩህ?»

«ምኑን?»

«አትደብቀኝ። የኔታ ብቻህን ይጠሩህ ነበር።»

የሚጠሩት እግራቸውን እንዲያጥብ ነበር። ምንተስኖት ይህንኑ ሊነግረው አፉን ከፈተ። ያኔ የመሪጌታው ዓይን ከዓይኑ ገጠመ። ያስመሰከረው ሰው፣ የሰበካው ኩራት፣ ለእሱ ያልተሰጠ አንድ ነገር እንዳለ ጠርጥሮ መልስ እየለመነ ነው።

ምንተስኖት የተሰጠውን ዳቦ በቀስታ ቆረሰ።

«ይሄ እዚህ የሚወራ አይደለም፣ መሪጌታ፣» አለው።